የከዚራው ጎዶሎ ንባብ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም፤ ከደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የተነሣ ቀላል ነፋስ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር አቧራ ይነዛ ነበር።

ሉድያ ዲምጥሮስ የሙሌት መሥሪያ ቤቱን ደረጃ ወጥታ ክፍሏ ስትደርስ፣ እንደ ወትሮዋ መጀመሪያ ያደረገችው ቁልፏን ከኮሌታዋ መንቀል ነበር። ቁልፉ ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። ሰው ንግግር ጀምሮ ቃል ሲያጣ፣ ቁልፉ በዚያው ሰው ድምፅ ይጨርስለታል። ከአንገት የተነቀለ ቁልፍ አዲስ ነገር አይጀምርም፤ የጀመረውን ግን ሳይጨርስ አይተኛም። የሉድያ ቁልፍ ያን ጠዋት የጀመረው ነገር ስላልነበረ በባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ዝም ብሎ ተኛ። ከዚያ ደቂቃ አንሥቶ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ የጀመረችውን ሁሉ ራሷ መጨረስ ነበረባት። በድሬዳዋ እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች እማኞች ብቻ ነበሩ።

እማኝ ማለት የተሞላ ነገር ቀርቦለት፣ አይቶና ሰምቶ፣ «ምሉዕ ነው» የሚል ሰው ነው። ሕጉ ጎዶሎ ነገር በሕዝብ ፊት እንዳይቀርብ ይደነግጋል። ግማሹ የተቃጠለ ፎቶግራፍ፣ መሐሉ የጠፋ ዘፈን፣ አናቱ የፈረሰ ሐውልት ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመጣል፤ ይሞላል። ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ማንም የማይሞላለት ሰው፣ በገዛ አፉ መመስከር አለበት። ይህን ሁሉ የሚሞላው ነገር በሕግ የተሰጠው ረጅም ስም ነበረው። ሕዝቡ ግን «ጋሽ ሞላ» ይለዋል።

ጋሽ ሞላ ያልገባበት ቤት አልነበረም። በዝናብ የተቋረጠ የእግር ኳስ ጨዋታ በዚያው ምሽት ይሞላና ተመልካቹ በውጤቱ ይጣላ ነበር። ከሠርግ የቀረ አጎት በፎቶው ላይ ከሙሽሮቹ ጀርባ እየሳቀ ይገኝ ነበር። ለቅሶ ቤትም የሟቹ የመጨረሻ ንግግር ሳያልቅ የቀረ እንደሆነ በሣልስቱ ዕለት በገዛ ድምፁ ተጨርሶ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ለቀስተኛው ቀደም ብሎ ይበተናል።

አለቃዋ አቶ ኢብሳ አንድ ጠፍጣፋ ሣጥን ታቅፈው ገቡ። ሙሉ ሰውነት ያላቸው፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ቁልፋቸው በመሥሪያ ቤቱ ሰማያዊ ጃኬት ላይ በወፍራም ክር ተሰፍቷል፤ አለቆች እንዳይጠፋባቸው ይሰፋላቸዋል።

«አቦ ሉድያ፣ የሰፈርሽ ነገር መጣልሽ» አሉና ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ሣጥኑ ሳይከፈት አወቀችው። በውስጡ ስምንት የብራና ቅጠሎች ነበሩ፤ በግሪክኛ የተጻፈ የወንጌል ንባብ ቁራጭ። በመካከለኛው ዘመን፣ ስሙ ባልታወቀ ገዳም፣ ስሙ ባልታወቀ ጸሐፊ እጅ፣ በሁለት ዐምድ የተጻፈ ነው። ከፊደሎቹ በላይ ቀያይ ምልክቶች አሉ፤ አንባቢው ድምፁን የት እንደሚያነሣ፣ የት እንደሚጥል፣ የት እንደሚያርፍ ይነግሩታል። መጀመሪያውም መጨረሻውም የለም። የባቡሩ ሐዲድ ሲዘረጋ ወደ ድሬዳዋ የመጣ አንድ ግሪክ ዳቦ ጋጋሪ በፍራሽ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣው። የጋጋሪው ልጆች አገሬውን አገቡ፤ የልጅ ልጆቹ አማርኛና ኦሮምኛ ተናገሩ፤ ግሪክኛው በከዚራዋ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች መካከል ብቻ ቀረ። የሉድያ አባት አቶ ዲምጥሮስ የዚያ ጋጋሪ ዘር፣ የዚያች ቤተ ክርስቲያንም የመጨረሻ አንባቢ ናቸው። ቄስ ከሌላት ቆይታለች።

ቁራጩ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጠፋው ልጅ እሑድ፣ ይነበብ ነበር። ንባቡ ታናሹ ልጅ ድርሻውን ተቀብሎ ከሄደበት ይጀምርና ሀብቱን በትኖ፣ ተርቦ፣ አፍሮ ሲመለስ አባቱ ከሩቅ እስከሚያየው ድረስ ይሄዳል። እዚያ ላይ ቅጠሉ ያልቃል። የሚከተለው ቅጠል ጠፍቷል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሲጀምር ታላቁ ወንድም ደጅ ቆሞ ተቆጥቷል።

አንባቢው እዚህ ሲደርስ ከሌላ መጽሐፍ አይቀጥልም። ቀኝ እጁን ያነሣና የሌለውን ቅጠል ይገልጠዋል፤ እንደ ማንኛውም ቅጠል፣ ከጠርዙ ይዞ፣ በጥንቃቄ። ከዚያም ቅጠሉ ቢኖር በሚነበብበት ጊዜ ልክ ዝም ይላል። ምእመናኑም ቆመው ዝም ይላሉ። ከዚያ በኋላ ታላቁ ወንድም ይቆጣል። ሥርዓቱን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም። የጎደለውን ግን የማያውቅ አልነበረም፤ በየቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ይሁን እንጂ በከዚራ ቤተ ክርስቲያን አባትየው ልጁን አቅፎት አያውቅም።

አቶ ኢብሳ ከሣጥኑ ክዳን ሥር ዘጠነኛ ቅጠል አወጡ።

«ይኸው፣ በመጨረሻ አቀፈው» አሉ።

ቅጠሉ እንደ ሌሎቹ ቡናማ ነበር። ቀያይ ምልክቶቹ በቦታቸው ነበሩ። በታችኛው ጠርዝ ላይ ያለው የብል ቀዳዳ ከጎረቤቱ ቀዳዳ ጋር ይገጥማል። ሉድያ አሸተተችው። የፍየል ቆዳ ይሸታል።

«ማን አመለከተ?» አለች።

«ማንም። ጋሽ ሞላ ራሱ አገኘው። አምና ንባቡ ላይ የአንዳችሁ ቁልፍ ዝምታውን ሰምቷል። በከተማው ከተሰማው ዝምታ ሁሉ ረጅሙ ነው አለ። ያስደነግጣል እኮ አቦ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ!»

«ግን ይኼ እኮ…» አለች ሉድያ። ቃል ፍለጋ ቆመች።

ሰው ያለ ቁልፍ ንግግሩን ሲያቆም በቅርብ ያለ ቁልፍ ይጨርስለታል። ከአቶ ኢብሳ ጃኬት፣ በአቶ ኢብሳ ድምፅ፣ «…ግን ይኼ እኮ ለምእመናኑ ታላቅ ደስታ ነው፤ እርስዎንም ከልብ አመሰግናለሁ» የሚል ቃል ወጣ።

በድሬዳዋ አለቃም አባትም «አንተ» ነው። ጋሽ ሞላ ግን የተማረው አዲስ አበባ ነው።

አቶ ኢብሳ ወደ ጃኬታቸው ዝቅ ብለው አዩ። «ምንም አይደል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ዓርብ ትመሰክሪያለሽ፤ ቅዳሜ ይሰፋል፤ እሑድ አባትሽ ያነባል። ከዚህ የቀለለ ሥራ ሰጥቼሽ አላውቅም» አሉ።

አቶ ዲምጥሮስ በምድር ባቡር የፍሬን መርማሪ ሆነው ያረጁ ሰው ናቸው። ንግግራቸውም እንደ ፍሬን ነበር፤ የሚያስፈልግ ሲሆን ብቻ ይነካሉ። ሉድያ ስትመረቅ ያሉት «ጫማሽ ጠቦሻል» ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸው። ሆስፒታል አልጋ ላይ በነቁበት ጠዋት የልጃቸውን አንጓ ያዙና «ሉድያ፣ አንቺ እኮ…» አሉ። ከንፈራቸው ተከፍቶ ቀረ። ደግ ነርስ ነበረች፤ ፈጠን ብላ የታማሚ ቁልፍ ጉሮሯቸው ሥር ለጠፈችላቸው። «…አንቺ እኮ የዓይኔ ብርሃን ነሽ» አለ የአባቷ ድምፅ። ነርሷ አለቀሰች።

ሉድያ አላለቀሰችም። አባቷ በሕይወታቸው እንዲህ ብለዋት አያውቁም። «አንቺ እኮ» ብለው የጀመሩት ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በቁጣ ነበር፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ያን ጠዋት በምን ሊያልቅ እንደነበረ ማወቅ ፈለገች። ከዚያ ወዲህም ሌላ ነገር እንደዚህ ፈልጋ አታውቅም።

የታማሚ ቁልፍ ታማሚው አፉን ባይከፍትም ይመልስለታል፤ ቢነቀል ጤና ጣቢያው ወዲያው ያውቃል፤ ሁለት ሰዎች መጥተው መልሰው ይለጥፉታል። አንድ ጊዜ ሞክራለች። ሰዎቹ ትሑቶች ነበሩ፤ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። በሕግ የተፈቀደው አንድ አጋጣሚ ብቻ ነበር፤ የከዚራው አንባቢ በዓመት አንድ ጊዜ ለንባቡ ያህል ጉሮሮው ነፃ ይሆናል። በዚያ ዝምታ ውስጥ አቶ ዲምጥሮስ ዓይናቸውን ከብራናው አንሥተው ሉድያን ያዩዋታል። አምናም፣ ካቻምናም አይተዋታል። ካቻምና ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ነበር። አምና ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ የታላቁ ወንድም ተራ ደረሰ።

በዚያ ቀን ለምሳ ቤት ሄዳ ማካሮኒ ሠራችና አብረው ተቀመጡ።

«አባዬ፣ የጠፋውን ቅጠል ሞሉት» አለቻቸው።

አባቷ ያኝኩ ነበር። ከጉሮሯቸው ሥር «እሰይ! የምሥራች ነው! ዕድሜ ልኬን የተመኘሁት ይህንን ነው፤ የኔ ዓለም» የሚል ድምፅ ወጣ። ከንፈራቸው ለንግግር አልተንቀሳቀሰም፤ ማኘካቸውንም አላቋረጡም። ቀኝ እጃቸው ግን ሹካውን አስቀመጠች። ተነሣች። በአየር ላይ የሆነ ነገር ከጠርዙ ያዘችና በጥንቃቄ ገለጠች።

«ምን እያልክ ነው?» አለች ሉድያ።

«ጨው አቀብዪኝ ማለቴ ነው» አለ ድምፁ።

ጨው አቀበለቻቸው። አቶ ዲምጥሮስ የጨውን ዕቃ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ አልነኩትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ካሊዮፒ እነ ሉድያ ቤት መጡ። የቤተ ክርስቲያኗ ታላቅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሞቷል። ቁልፋቸው በአንገት ልብሳቸው ላይ እንደ ጌጥ ያብረቀርቃል፤ ሲናገር ግን የሰማው የለም። «ተራ አልሰጠሁትም» ይላሉ።

«የምትመሰክሪው አንቺ ነሽ አሉ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ካሊዮፒ።»

«ጎዶሎ ነው በያ።»

«እንዲህ ያለ እማኝ እስከ ዛሬ የለም።»

«ታዲያ ቃሉ አዲስ ነዋ! አላረጀ፣ አልተነካ። ውሰጂና ተጠቀሚበት።» ወደ አቶ ዲምጥሮስ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ፣ ፍሬን?»

«በመምጣትዎ እጅግ ደስ ብሎኛል» አለ የአቶ ዲምጥሮስ ጉሮሮ።

«ዝም በል፣ አንተን አይደለም!» አሉ ወይዘሮ ካሊዮፒ ወደ ጉሮሮው እየጠቆሙ። ከዚያ ለሉድያ፣ «እኔ ባሌን ያገኘሁት በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እሱ አልደፋም። ቀና ብል ዓይን ለዓይን! ጋሽ ሞላ ያኔ ኖሮ ቢሆን ቆሜ ነበር የምቀረው። አባትየው ልጁን ያቅፍ ነበር፤ እኔን ግን ማን ያቅፈኝ ነበር?» አሉ።

አቶ ዲምጥሮስ ሳቁ። ሳቅ ቁልፍ አያስፈልገውም።

ዓርብ የምስክርነቱ ክፍል ቀዝቃዛ ነበር። ዘጠኙ ቅጠሎች በመስታወት ሥር ተደርድረዋል። ሉድያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ አቶ ኢብሳ በሩ አጠገብ ቆሙ። ጋሽ ሞላ አዲሱን ቅጠል ከግድግዳው ውስጥ አነበበው። ያነበበው በአባቷ ድምፅ ነው፤ ከስትሮኩ በፊት በነበረው። ድምፁ በቀዩ ምልክት ላይ ይነሣል፤ በቀዩ ምልክት ላይ ይወድቃል። አባትየው ሮጠ። አቀፈው። ልብስ መጣ፤ ቀለበት መጣ፤ የሰባው ፍሪዳ ታረደ። እንከን አልነበረበትም።

ንባቡ አልቆ ግድግዳው ጠበቀ።

«ጎዶሎ ነው» አለች ሉድያ።

«ምን አልሽ?» አሉ አቶ ኢብሳ።

«ጎዶሎ ነው።»

«አቦ አትቀልጂ፣ ሰዓት አለን።»

«አልቀለድኩም።»

አቶ ኢብሳ ወደ መስታወቱ ቀረቡ። «እስኪ የት ጋ ነው የጎደለው?»

«ዝምታው የለም።»

አቶ ኢብሳ መስታወቱን አንሥተው አዲሱን ቅጠል ከፊት አዩት፤ አዙረውም ከኋላ አዩት። «ሉድያ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባትና ልጅ ማገናኘት ምን ነውር አለው? ወላሂ እኔ ሲነግሩኝ ዓይኔ እንባ አዝሏል። ያ ልጅ ስንት ዘመን ነው መንገድ ላይ የቆመው?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ጎዶሎ ነው።»

አቶ ኢብሳ ተነፈሱ። ጎዶሎ ነው የሚል እማኝ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ለማየት ደንቡን ግድግዳው ላይ አወጡ። ደንቡ እማኙ «ምሉዕ ነው» ሲል ዕቃው ወደ ባለቤቱ እንደሚመለስ ይናገራል። ቀጥሎ ስለ ወንበሮች ቁመት ይናገራል። በመካከላቸው ምንም አልነበረም።

«እንግዲህ ደንቡ ራሱ ጎዶሎ ነው» አለች ሉድያ።

ይህን ማለት አልነበረባትም። በዚያ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ቀን የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጎዶሎ ሆኖ እንዲቆይ የምትፈልገውን ነገር በግድግዳው ፊት ጎዶሎ ብለህ አትጥራው። ለስንቱ አዲስ እማኝ እርሷ ራሷ ነግራለች።

በሁለቱ አንቀጾች መካከል አዲስ አንቀጽ ወጣ። ቋንቋው ከጎረቤቶቹ ጋር ይገጥማል። «እማኙ ‹ጎዶሎ ነው› ያለ እንደሆነ ንግግሩ እንዳላለቀ ይቆጠራል፤ ቀድሞ ከሰጣቸው ምስክርነቶች በመነሣት ይጨረስለታል።»

አዲሱ አንቀጽም የተሞላ ነገር ስለሆነ እማኝ ያስፈልገው ነበር። በክፍሉ ውስጥ የነበረችው እማኝ ሉድያ ናት። ግድግዳው ጠየቃት።

«ይኼም ጎዶሎ ነው» አለች።

በአንቀጹ መሠረት ንግግሯ ተጨረሰላት። ከግድግዳው ውስጥ የገዛ ድምፅዋ «ምሉዕ ነው» ሲል ሰማችው፤ ለአንቀጹ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ምሉዕ ነው»፤ ለቅጠሉ። በሥራ ዘመኗ ከዚህ ሌላ መስክራ ስለማታውቅ መነሻው ብዙ ነበር። ድምፁ ትንሽ ደከም ያለ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የምትመሰክረው ዓርብ ስለሆነ ነው።

አቶ ኢብሳ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «ይኸው፣ ተገላገልሽ» አሉ። ከልባቸው ነበር።

ቅዳሜ ቅጠሉ ከወገኖቹ ጋር በክር ተሰፋ።

እሑድ ጠዋት ምእመናኑ ከወትሮው ቀደም ብለው መጡ፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች፣ አብዛኞቹም ዘመዳሞች። አቶ ኢብሳ መሥሪያ ቤቱን ወክለው ሰማያዊ ጃኬታቸውን ለብሰው ከኋላ ቆሙ። ከዚህ በፊት ቤተ ክርስቲያን ገብተው ስለማያውቁ ጫማቸውን ያወልቁ አያወልቁ ግራ ገብቷቸው አንዱን ክር ፈተውት ነበር።

ሉድያ በበሩ ላይ የአባቷን ጉሮሮ በሣሙና ውኃ አርሳ ቁልፉን ቀስ ብላ ላጠችው። ለንባቡ ያህል ፈቃዱ አሁንም እንደጸና ነበር፤ ሊሰርዘው ያሰበ አልነበረም። የራሷንም ነቀለች። ሁለቱን በአንድ የክብሪት ቀፎ ከተተቻቸው። የጀመሩት ነገር ስላልነበረ ተኙ።

«አባዬ» አለቻቸው፣ «ቅጠሉ ገብቷል። እምቢ ብዬ ነበር።»

አቶ ዲምጥሮስ አዩዋት። ኮሌታቸውን አስተካክለው ወደ አትሮንሱ ሄዱ።

ስትሮኩ ንግግራቸውን እንጂ ዜማቸውን አልነካባቸውም። «ውኃ» ለማለት የሚያቅታቸው ሰው በቀያዮቹ ምልክቶች ላይ ሲወጡና ሲወርዱ አንድ ቃል አልተሰናከለባቸውም። ታናሹ ልጅ ሄደ። በተነ። ተራበ። ከእሪያዎቹ መካከል ተነሣ። መንገዱን ያዘ። ገና ሩቅ ሳለ አባቱ አየው።

ቅጠሉ አለቀ።

አቶ ዲምጥሮስ ገለጡ። አዲሱ ቅጠል በቡናማ ቀለሙ፣ በቀያይ ምልክቶቹ ተዘርግቶ ጠበቃቸው። ምእመናኑ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አቶ ኢብሳ በጉጉት ወደፊት ዘንበል አሉ።

አንባቢው ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ቅጠሉን ከጠርዙ ያዙት። ሳያነቡት፣ እንደ ማንኛውም ቅጠል፣ በጥንቃቄ ገለጡት። ከዚያም እጃቸውን አውርደው ዝም አሉ።

ዝምታው ረጅም ጊዜ አልቆየም። አንባቢው ቁልፍ አልነበራቸውም፤ ንባቡም ከዓርብ ወዲህ ጎዶሎ ስላልነበረ ዝም ማለታቸው እንደ ተቋረጠ ንግግር ተቆጠረ። ከሁሉም ቅርብ የቆሙት ወይዘሮ ካሊዮፒ ነበሩ። ከአንገት ልብሳቸው ላይ፣ በራሳቸው ድምፅ፣ የጠፋው ቅጠል መነበብ ጀመረ። ወይዘሮ ካሊዮፒ አፋቸውን ገጥመው በድንጋጤ አንገታቸውን ያዙ። ቀጥሎ የቆሙት የሁለቱ ሽማግሌዎች ቁልፎች ተቀበሉ፤ ከዚያ ከኋላቸው ያሉት። ብዙዎቹ ግሪክኛ አያውቁም። ጥቂት ቆይቶ በቤተ ክርስቲያኗ ያለው ሰው ሁሉ አፉን ዘግቶ፣ በየራሱ ድምፅ፣ ባልተማረው ቋንቋ ያነብ ነበር። ከኋላ፣ ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ የአቶ ኢብሳ ወፍራም ድምፅ ይሰማል።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አሉ አቶ ኢብሳ አጠገባቸው ላለው ሰው። ድምፃቸው በድምፃቸው ላይ ተደረበ።

ወይዘሮ ካሊዮፒ ቁልፋቸውን ነቀሉት። መዳፋቸው ውስጥ ማንበቡን ቀጠለ። በመሐረብ ጠቀለሉት፤ በመሐረቡም ውስጥ አነበበ። «በስንት ዘመንህ ተራ ብታገኝ» አሉት፣ «መቼም አታቋርጥም።» ከዘራቸውን ይዘው ወጡና በአጥሩ ግንብ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠውት ተመለሱ። ታላቅ ስለሆኑ ሌሎቹ ተከተሏቸው። አንድ በአንድ ወጡ፤ ቁልፎቻቸውን ግንቡ ላይ ደረደሩ፤ አንገታቸውን እያሹ ተመልሰው በየቦታቸው ቆሙ። በውጭ ግንቡ ለራሱ ያነብ ነበር።

አቶ ኢብሳ ብቻ ቀሩ። ጃኬታቸውን ሳቡት፤ ክሩ ወፍራም ነበር። ጃኬቱን እንዳያወልቁት ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ጀርባው የተቀደደ ነው። በመጨረሻ፣ «ይቅርታ፣ አቦ» አሉና ራሳቸው ወጡ። ከግንቡ አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ሲቆሙ በመስኮቱ ይታዩ ነበር። አንድ የጫማ ክራቸው እንደተፈታ ነበር።

በውስጥ ዝም አለ።

ሉድያ ዓመት ዓመት በምትቆምበት ቦታ፣ ከሁለተኛው ምሰሶ አጠገብ ነበረች። የክብሪት ቀፎው በእጇ ነበር። አቶ ዲምጥሮስ ዓይናቸውን ከብራናው አንሥተው አዩዋት። በውጭ በአቶ ኢብሳ ድምፅ አባትየው እየሮጠ ነበር። የአንባቢው እጅ የአትሮንሱን ጠርዝ ጨበጠ።

«ሉድያ» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«አንቺ እኮ…»

ከንፈራቸው ተከፍቶ ቆመ። ወይዘሮ ካሊዮፒ በከዘራቸው ላይ ተደግፈው አንገታቸውን ደፉ። ሉድያ አንገቷን አልደፋችም፤ አፏንም አልከፈተችም። ጠበቀች። ቅጠሉ ቢኖር የሚነበብበት ጊዜ አለፈ፤ ታላቁ ወንድም ግን አልተቆጣም። በግንቡ ላይ ያሉት ቁልፎች ንባባቸውን እየጨረሱ አንድ በአንድ ተኙ።

አቶ ዲምጥሮስ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱም።